በመከራ ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ እንዴት እናንብብ? እምነትንና ቤዛነትን ለሚፈልግ ሰው የ7 ቀን የአሠራር መመሪያ

«ከብዶኛል፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቼ ምን ላንብብ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። ብዙ ጊዜም ሌላ ጥያቄ ተከትሎት ይመጣል፦ «አነባለሁ፤ ግን ልቤን አይነካውም። ምን ሆኜ ነው?»

ለሁለቱም የምንሰጠው መልስ አንድ ነው። አንድ ታሪክ ይምረጡ፣ ቀስ ብለው ያንብቡት፣ መሐሉ ላይ ይቆዩ። የታሪኩ ሰው መጨረሻውን አያውቅም ነበር፤ እርስዎም የራስዎን አያውቁም። እምነት የሚገኘው ሁለታችሁም በማታውቁበት በዚያ ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እዚያ ቦታ ላይ እንዲቆዩ የሚያግዙ ናቸው። ለአንድ ታሪክ 7 ቀን፣ በቀን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ። በስልክም ይቻላል፤ ግን መልእክት በገባ ቁጥር ሐሳብ ይቆረጣልና ኢንተርኔቱን ያጥፉት።
- ሁለተኛ ትርጉም፣ ከተገኘ። አንዱ ነባር፣ አንዱ አዲስ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱ የሚለያዩበት ቃል ብዙውን ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው ቃል ነው።
- ደብተርና እርሳስ።
- ሰዓት። ሲያልቅ ለማቆም እንጂ ለመቸኮል አይደለም።
- በሳምንቱ መጨረሻ ያነበቡትን የሚነግሩት አንድ የሚያምኑት ሰው።

መዝሙረ ዳዊትን ሲከፍቱ ቁጥሩን ያስተውሉ። የዕብራይስጡን አቆጣጠር የሚከተሉና የሰባ ሊቃናትን ትርጉም (ጥንታዊውን የግሪክኛ ትርጉም) የሚከተሉ መጻሕፍት በአብዛኛው መዝሙር በአንድ ቁጥር ይለያያሉ፤ በአንዱ 88 የተባለው በሌላው 87 ነው። እዚህ የምንጠቅሰው የዕብራይስጡን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሳያነቡ አይጀምሩ

ራስዎን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ እየመጣብዎ ከሆነ ደብተሩን ይተዉትና አሁኑኑ ለአንድ ሰው ይንገሩ። ብቻዎን አይሁኑ፤ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ነፍሱ እንድትወሰድ በለመነ ጊዜ መጀመሪያ የተሰጠው ስብከት አልነበረም። ተኛ፣ መልአክ ቀሰቀሰው፣ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከሁለት ማዕድና ከ40 ቀን መንገድ በኋላ ነው። እርስዎም ካልበሉና ካልተኙ ከንባቡ በፊት እሱን ያስቀድሙ። የታዘዘልዎ መድኃኒት ካለም ንባብ ጀመርኩ ብለው አያቋርጡ።

ደረጃ 1፦ መከራዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ከብዶኛል» አይበቃም። «ሥራ ካጣሁ 5 ወር ሆነኝ፤ የቤተሰቤን ዓይን ማየት አፍራለሁ» ብለው ይጻፉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይዟል፤ ማጣትና ማፈር። ለማጣት የሚሆነው ታሪክና ለማፈር የሚሆነው ታሪክ ይለያያሉ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያም ይለዩና ከሥሩ ያስምሩ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌሎች የወደዱትን ታሪክ ያነብና «እኔን አልነካኝም» ብሎ ይተወዋል።

ደረጃ 2፦ አንድ ታሪክ ብቻ ይምረጡ

ሰው ለሞተበት፦ ዮሐንስ 11፥1-44። ማርታና ማርያም ኢየሱስ እዚያ ቢሆን ኖሮ ወንድማቸው ባልሞተ እንደ ነበር በየተራ ይነግሩታል (ቁጥር 21 እና 32)። ኢየሱስ አልተቆጣቸውም።

ቤተሰቡ ወይም ወዳጁ ለከዳው፦ የዮሴፍ ታሪክ፣ ዘፍጥረት 37-50።

በራሱ ጥፋት ለወደቀ፦ ጴጥሮስ፤ ሉቃስ 22፥31-62፣ ዮሐንስ 18፥15-27 እና 21፥1-19።

ባዶ እጁን ለቀረ፦ መጽሐፈ ሩት። 4 ምዕራፍ፣ 85 ቁጥር ብቻ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ማንበብ ለደከመው ሰው መጀመሪያ የምንሰጠው ይህን ነው።

ለዓመታት ጸልዮ መልስ ላጣ፦ ሐና፣ 1ኛ ሳሙኤል 1። ቁጥር 18ን ልብ ብለው ያንብቡ፤ ፊቷ የተፈታው ልጁን ከመፅነሷ በፊት ነው።

ሕመም ለረዘመበት፦ ማርቆስ 5፥21-43። ሴትዮዋ 12 ዓመት ታማለች፣ ገንዘቧን በሐኪም ጨርሳለች። ልትሞት የቀረበችው የምኩራብ አለቃው የኢያኢሮስ ልጅም 12 ዓመቷ ነው። ሴትዮዋ እስክትፈወስ ኢያኢሮስ ቆሞ እንደሚጠብቅ አይዘንጉ።

ኢዮብን ብዙ ሰው ቀድሞ ይከፍተዋል። ለመጀመሪያ ታሪክ ግን አንመክረውም። 42 ምዕራፍ ነው፤ ከምዕራፍ 3 ጀምሮ አብዛኛው ክርክርና ቅኔ ስለሆነ የደከመ አእምሮ መንገዱን ይስታል። የግድ ካሉ ከ1 እስከ 3፣ ቀጥሎ ከ38 እስከ 42 ያንብቡና የመሐሉን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ደረጃ 3፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ያንብቡ

በመጀመሪያው ቀን እርሳስ አይንኩ። ታሪኩ ረጅም ከሆነ ቀን 1 እና ቀን 2ን ይውሰዱ። የዮሴፍን ታሪክ የመረጠ ሰው ምዕራፍ 38ን መዝለል የለበትም። ስለ ይሁዳና ስለ ትዕማር የሚናገር ስለሆነ ከመንገድ የወጣ ይመስላል፤ ደረጃ 6 ላይ ግን ያለ እሱ የዮሴፍ ታሪክ አይፈታም።

ደረጃ 4፦ ጮክ ብለው፣ ከዚያም በእርሳስ ያንብቡ

ሁለተኛው ንባብ በድምፅ ነው። ጮክ ብሎ ሲነበብ ዓይን የሚዘለውን አፍ አይዘለውም፤ በደንብ በሚያውቁት ታሪክ ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ንባብ አራት ምልክት ያድርጉ፦

ሀ. ጊዜ የሚናገር ቃል ሁሉ ላይ ክብ፦ «ሁለት ዓመት»፣ «በነጋታው»፣ «አራት ቀን»።
ለ. የተጨነቀው ሰው ከተናገረው ሥር አንድ መስመር።
ሐ. እግዚአብሔር ከተናገረው ወይም ካደረገው ሥር ሁለት መስመር።
መ. መናገር ሲገባው ያልተናገረ ሰው ያለበት ቦታ ላይ በኅዳጉ ነጥብ።

የመጨረሻው ምልክት ከሁሉ ይበልጣል። ዘፍጥረት 37ን ይዩ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ገፍፈው ውኃ በሌለው ጉድጓድ ይጥሉታል፤ ከዚያ እንጀራ ሊበሉ ይቀመጣሉ። ዮሴፍ በጉድጓዱ ውስጥ ምን አለ? ምዕራፉ አንድ ቃል አይነግረንም፤ ስለዚህ በኅዳጉ ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ42፥21 ወንድሞቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እንሰማለን፤ ሲለምናቸው ጭንቀቱን አይተው አልሰሙትም። ለካ ጮኾ ነበር። ያ ጩኸት በተጻፈበት ቦታ ባይኖርም አልጠፋም። ማንም አልሰማኝም የሚል ሰው ይህን በራሱ እርሳስ ሲያገኘው፣ ሌላ ሰው ከሚነግረው ይልቅ ይገባዋል።

ደረጃ 5፦ የጊዜ መስመር ይሥሩና መሐሉ ላይ ይቁሙ

በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ አግድም መስመር ያስምሩና ክብ ያደረጉባቸውን ጊዜያት ይደርድሩ። በዮሴፍ ላይ እንዲህ ይወጣል፦

17 ዓመት፦ በ20 ብር ተሸጠ (37፥2፣ 28)።
28 ዓመት ገደማ፦ አብሮት ታስሮ የነበረው የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከእስር ወጥቶ ረሳው (40፥23)።
ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ፦ ምንም አልተጻፈም (41፥1)።
30 ዓመት፦ በፈርዖን ፊት ቆመ (41፥46)።
39 ዓመት ገደማ፦ ለወንድሞቹ ራሱን ገለጠ (ከ7 የጥጋብ ዓመትና ከ2 የረሃብ ዓመት በኋላ፤ 45፥6)።

ከሽያጩ እስከ ፈርዖን ፊት 13 ዓመት ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ግን ጥቂት ገጽ ናት፤ በሩብ ሰዓት ስለምናነባት ዮሴፍም በሩብ ሰዓት የተሻገራት ይመስለናል። የጊዜ መስመሩ የሚያስፈልገው ይህን ስሕተት ለማረም ነው።

አሁን መስመሩ ላይ የራስዎን ቦታ ያግኙ። አሁን የሚሰማዎት ከየትኛው ቁጥር ጋር ይቀራረባል? ምናልባት 40፥23 ይሆናል፤ ያመኑት ሰው ቃሉን ረስቷል፣ በሩ አልተከፈተም። እዚያ ጣትዎን ያኑሩ። ያን ቀን ከዚያ ቁጥር አልፈው አያንብቡ። በማግስቱም እዚያው ይመለሱ፤ ሁለት ቀን በአንድ ቁጥር ላይ መቆየት ያስቸግራል፣ ሰው የሚሸሸውም ከዚህ ደረጃ ነው። በነዚህ ሁለት ቀናት ለሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሱ፦

1. ይህ ሰው በዚህች ሰዓት ስለ ነገ ምን ያውቃል? (የሚያነቡት እርስዎ የሚያውቁትን ሳይጨምሩ።)
2. መልስ ሳያገኝ የቀጠለው ነገር ምንድን ነው?

ዮሴፍ በእስር ቤት አብረውት የታሰሩት ሰዎች ፊት መጥቆሩን አስተውሎ ምን እንደሆኑ ጠይቋቸዋል (40፥6-7)። አውጣኝ ብሎም ለምኗል (40፥14)። እምነት እዚህ ምን እንደሚመስል በእነዚህ ሁለት ነገሮች ይታያል፤ ሌላውን ማስተዋልና መውጫ መለመን፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ደረጃ 6፦ ቤዛነቱን በሦስት ጥያቄ ይፈልጉ

«መቤዠት» የገበያና የዘመድ ቃል ነው። በዘሌዋውያን 25፥25 ሰው ደኽይቶ ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ መጥቶ ይቤዠዋል፤ ከቁጥር 47 ጀምሮ ደግሞ ራሱን የሸጠ ሰው እንዴት እንደሚቤዥ ተጽፏል። ስለዚህ ቤዛነት ባለበት የጠፋ ነገር አለ፣ የሚቀርብ ሰው አለ፣ የሚከፈል ዋጋ አለ። በማርቆስ 10፥45 ኢየሱስ ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ እንደሚሰጥ ሲናገር ሰሚዎቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ምን ጠፍቶ ነበር? ማን፣ በምን ዋጋ መለሰው? ያልተመለሰስ ምን አለ?

ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉ። በሩት 4 በከተማይቱ በር፣ በ10 ሽማግሌዎች ፊት፣ ቀድሞ የሚገባው ዘመድ ርስቴን እንዳላጠፋ ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ዘመድ ቦዔዝ ይቤዣል። ርስቱ ተመለሰ፣ የሟቹ ስም ተረፈ፣ ከሩት የተወለደው ሕፃን በአማቷ በኑኃሚን እቅፍ ገባ። የኑኃሚን ባልና ሁለት ልጆቿ ግን ከሞዓብ መቃብር አልተመለሱም። መጽሐፉ ይህን አይደብቅም። የተቤዠ ሕይወት ውስጥ ያልተመለሰ ነገር ሊኖር እንደሚችል ያላየ አንባቢ፣ የራሱ ቁስል ባልጠፋ ቁጥር እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል።

አንዳንዴ የሚመለሰው ሰውዬው ራሱ ነው። ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይሁዳ ነበር (37፥26-27)። በምዕራፍ 38 ስለ ትዕማር ከእኔ ይልቅ እርሷ ጻድቅ ናት ብሎ ጥፋቱን በአደባባይ ያምናል (ቁጥር 26)። በ44፥33 በብንያም ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን ይላል። ወንድሙን የሸጠው ሰው ራሱን ለወንድሙ ሰጠ፤ ዮሴፍ መታገሥ ያቃተውና ያለቀሰው ይህን ከሰማ በኋላ ነው (45፥1-2)። ምዕራፍ 38ን የዘለለ ይህን መዞር አያየውም።

በጴጥሮስ ታሪክ ደግሞ እሳቱን ይከተሉ። በዮሐንስ 18፥18 ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከፍም እሳት ዳር ቆሞ ይሞቃል፤ በዚያው ግቢ ሦስት ጊዜ ይክዳል። በ21፥9 ከጀልባ ወርዶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ የሚያገኘው እንደገና ፍም ነው፤ በላዩ ዓሣ፣ አጠገቡም እንጀራ። ለፍም የገባው የግሪክኛ ቃል በአዲስ ኪዳን ውስጥ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ይገኛል። ቁርሱ ይቀድማል፤ ከቁርስ በኋላ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ይጠየቃል። በሦስተኛው ጴጥሮስ ያዝናል (21፥17)። የካደበት ቦታ ሽታ ሳይጠፋ፣ እዚያው ሽታ ውስጥ ሥራ ተሰጠው። በራስዎ ጥፋት የወደቁ ከሆነ በዚህ ቦታ ላይ ሁለት ቀን ቢቆዩ አይበዛም።

ደረጃ 7፦ ልቅሶዎን ወደ ጸሎት ያዙሩት

መዝሙር 13ን ይክፈቱ። 6 ቁጥር ብቻ ነው፤ አሠራሩም በግልጽ ይታያል፦ ቁጥር 1-2 ጥያቄ («እስከ መቼ» አራት ጊዜ)፣ 3-4 ልመና፣ 5-6 መታመን። በዚህ ቅርፅ የራስዎን ከ6 እስከ 8 መስመር ይጻፉ። በልመናው ክፍል ከታሪኩ አንድ ነገር ስም ጠርተው ያስገቡ፦ «በጉድጓድ ያለውን የሰማህ፣ ስማኝ።»

የመታመኑ ክፍል ካልመጣ አያስገድዱት። መዝሙር 88 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቅሶ ነው፤ በጨለማ ያልቃል፣ እንዲያም ሆኖ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። ያልተሰማዎትን እምነት ከመጻፍ ባዶውን መስመር መተው ይሻላል፤ ሌላ ቀን ይሞላል።

ደረጃ 8፦ አንድ ትንሽ ሥራና አንድ ሰው

በ24 ሰዓት ውስጥ የሚፈጸም አንድ ነገር ከታሪኩ ይውሰዱ። ለሩት መቃረም ነበር፣ ለኤልያስ መብላት። ለእርስዎ አንድ ስልክ መደወል ወይም አንድ ማመልከቻ መጻፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የመረጡትን ሰው ያግኙና ታሪኩን በ5 ደቂቃ ይተርኩለት፤ የቆሙበትን ቁጥርም ይንገሩት። ምክር እንዲሰጥዎ ሳይሆን እንዲሰማ አስቀድመው ይጠይቁት። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር ተቀምጠዋል (2፥13)፤ ችግሩ የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*ወደ ማጽናኛው ቁጥር መዝለል።* ኤርምያስ 29፥11 ስለ ተስፋና ስለ መልካም ፍጻሜ ስለሚናገር በብዙዎች ዘንድ ይወደዳል። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን 70 ዓመት ይላል፤ ቁጥር 5ም ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ይላል። ተስፋው የተሰጠው በባቢሎን ምርኮ ረጅም ጊዜ ለሚቆዩ ሰዎች ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ያላነበበ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል።

*ማን እንደሚናገር አለማየት።* በኢዮብ 4፥7 ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው የሚለው ኤልፋዝ ነው። በ42፥7 እግዚአብሔር ኤልፋዝንና ሁለቱን ጓደኞቹን ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ከኢዮብ መጽሐፍ የተቀነጨበ ጥቅስ ሲልኩልዎ መጀመሪያ ተናጋሪውን ይፈልጉ።

*ለመከራው ሁሉ ኃጢአት መፈለግ።* ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ መልሱን በዮሐንስ 9፥3 ያንብቡ። ጥፋትዎን በስሙ የሚያውቁት ከሆነ ግን የጴጥሮስን ወይም የዳዊትን መንገድ ይውሰዱ (2ኛ ሳሙኤል 12፣ ከመዝሙር 51 ጋር)። የማያውቁትን ጥፋት እየቆፈሩ አይዋሉ።

*ራስን ከታሪኩ ሰው ጋር አወዳድሮ መውቀስ።* «ዮሴፍ ታግሷል፤ እኔ ግን አለቅሳለሁ» ይላሉ። ዮሴፍ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ያለቅሳል፤ ዘፍጥረት 42፥24፣ 43፥30፣ 45፥2 እና 50፥17ን ይመልከቱ።

*ይቅርታንና መተማመንን አንድ ማድረግ።* ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን እንዳያቸው ራሱን አልገለጠም፤ ከምዕራፍ 42 እስከ 44 ተለውጠው እንደሆነ ፈትኗቸዋል። የሚደበድብዎ ወይም የሚያስፈራራዎ ሰው ካለ የዮሴፍን ታሪክ እዚያው ለመቆየት ማስረጃ አያድርጉት። ከአደጋው ይራቁ፤ የይቅርታው ነገር ከርቀትም ይሠራል።

*መጽሐፉን በዘፈቀደ ገልጦ ጣት ማሳረፍ።* የተገኘው ቁጥር ከታሪኩ ተነጥሎ ስለሚመጣ ወይ ያስደነግጣል ወይ ያሳስታል።

በ7ኛው ቀን ምንም ካልተሰማዎ

ታሪኩን ከመቀየርዎ በፊት ያንኑ ታሪክ በሌላ ሰው ዓይን አንድ ሳምንት ይድገሙት። ዮሴፍን አንብበው ከሆነ በያዕቆብ ቦታ ይቁሙ፤ 37፥35 ላይ መጽናናትን እምቢ ያለ አባት ነው፣ ማንም እውነቱን አልነገረውም። ሩትን አንብበው ከሆነ ኑኃሚንን ይከተሉ፤ በ1፥20 ስሟን ማራ (መራራ) በሉኝ ትላለች፣ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ማራ ብሎ የጠራት የለም። የጊዜ መስመሩን አዲስ ገጽ ላይ ይሥሩ፤ የድሮውን አይቅደዱት። ከላይ ቀኑን ይጻፉበትና ያቆዩት፤ ባዶ የተዉት የመዝሙር መስመር ካለ፣ ሲሞላ የሚያዩት እዚያ ነው።